ሩዶልፍ ዲዝል

ሩዶልፍ ክርስቲያን ካርል ዲዝል (መጋቢት 10 ቀን 1850 – መስከረም 19 ቀን 1906 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 18 ማርች 1858 – 29 ሴፕቴምበር 1913) በስሙ የሚጠራውን ሞተር የፈለሰፈ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበረ። ይህ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየርን በሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ በማመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ብቻ ነዳጁን ያቀጣጥላል። ዛሬ የዓለም ከባድ የጭነት መኪናዎች፣ የጭነት መርከቦችና የግንባታ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በዚህ መርሕ ነው። በብዙ አገሮች የሰውየው ስም የሞተሩም የነዳጁም መጠሪያ ሆኗል። በኢትዮጵያ ግን ነዳጁ ከጣልያንኛ በተወረሰው ናፍጣ በሚለው ቃል ስለሚታወቅ፣ ከጊምቢ ወይም ከቢላ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሾፌር የዲዝልን ስም ሳያነሳ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

የዲዝል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ ብልህ ሐሳብ ታሪክ ነው። ይሁንና ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያለቀው በጥቂት ወራት ነበር። ዓመታትን፣ ጤናውንና ገንዘቡን የበላው ያንን ግፊት ሳይፈነዳ፣ ሳይሰነጠቅና ሳያፈስ የሚችል ሲሊንደርና የሲሊንደር ክዳን ማግኘቱ ነው። በተለይ ሞተሩን ወደ ጭነት መኪና ለማስገባት ያደረገው ሙከራ በሕይወቱ ሳይሳካለት ቀርቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ዲዝል የተወለደው በፓሪስ ነው። አባቱ ቴዎዶር ከባቫሪያዋ አውግስበርግ የመጣ መጽሐፍ ጠራዥ ሲሆን በፓሪስ የቆዳ ዕቃ እየሠራ ይሸጥ ነበር። እናቱ ኤሊዝ ከኑርንበርግ ነበረች። ሩዶልፍ ከሦስት ልጆች ሁለተኛው ነው። ቤተሰቡ በእጅ ሥራ የሚተዳደር ስለነበር ልጁ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የአባቱን ዕቃዎች በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ከቤታቸው ብዙም በማይርቀው የፓሪስ የቴክኒክ ቤተ መዘክር የሚታዩትን ማሽኖች እየሄደ መመልከት ይወድ ነበር። እዚያ ከሚታዩት አንዱ ፈረንሳዊው ኩኞ በ1770 ገደማ መድፍ ለመጎተት የሠራው የእንፋሎት ሠረገላ ነው፤ የጭነት መኪና አያት ቢባል አያንሰውም።

በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሳ ጀርመናውያን ነዋሪዎች ከፓሪስ እንዲወጡ ተደረገ። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለከበዳቸው የ12 ዓመቱን ሩዶልፍ ወደ አውግስበርግ፣ የሒሳብ መምህር ወደነበረው አጎቱ ዘንድ ላኩት። ቋንቋ ያወቀና ከወላጆቹ የተለየ ስደተኛ ልጅ በትምህርት ቤቱ አንደኛ እየወጣ ቀጠለ። በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ለወላጆቹ ጽፎ አስታወቀ። በ1875 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሙኒክ ፖሊቴክኒክ ገባ።

በሙኒክ ያስተማረው ካርል ፎን ሊንደ ነው፤ የዘመናዊው የማቀዝቀዣ ማሽን አባት። ሊንደ በትምህርቱ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከሚቃጠለው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጡት አሥር በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያም ያነሰውን እንደሆነ ይገልጽ ነበር። ቀሪው በጭስ ማውጫና በውሃ ይባክናል። ተማሪው ዲዝል ይህንን ከሰማ በኋላ ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ ያስቀመጠውን ከፍተኛ ወሰን የሚጠጋ ሞተር መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከአእምሮው አልወጣም። በ1879 በታይፎይድ ታሞ ፈተናው ስላመለጠው በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር በዙልዘር ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ በጥር 1880 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ከበረዶ ፋብሪካ ወደ ሞተር

ከምረቃ በኋላ ሊንደ የበረዶ ማምረቻ እንዲያቋቁምለት ወደ ፓሪስ ላከው፤ በአንድ ዓመት ውስጥም የፋብሪካው ኃላፊ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የተባለች ጀርመናዊት አገባ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። ቀን በረዶ እየሸጠ በትርፍ ጊዜው በውሃ እንፋሎት ፋንታ በአሞኒያ ጋዝ የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ዓመታት ደከመ። ሙከራው አልሰመረም። ነገር ግን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያፈስ በእጁ ተማረ። በ1890 ቤተሰቡን ይዞ ወደ በርሊን ተዛወረ።

የመጣለት ሐሳብ እንዲህ ነበር። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል። እስከ አሥራ አምስተኛ ይዘቱ ድረስ ከታመቀ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ በዚያ ቅጽበት የሚረጭ ነዳጅ ክብሪትም ብልጭታም ሳያስፈልገው ይያዛል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየሩና ነዳጁ ተቀላቅለው ስለሚገቡ ብዙ ቢታመቁ ከጊዜያቸው በፊት ይቀጣጠላሉ። በዲዝል ሐሳብ ግን የሚታመቀው አየር ብቻ ስለሆነ እመቃውን፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉትን፣ እስከ ፈለጉት ማሳደግ ይቻላል። እመቃው በጨመረ ቁጥር ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል።

የጀርመን የፈጠራ መብቱ ከየካቲት 28 ቀን 1892 ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን የጸደቀለት በየካቲት 1893 ነው። በ1893 መጀመሪያም ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተስፈኛ ሥራ ነው። ዲዝል እስከ 250 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት አስቦ ነበር፤ ሲሊንደሩም በውሃ መቀዝቀዝ እንደማያስፈልገው ያምን ነበር። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች የሚሠሩበት ግፊት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበረ። መጽሐፉን ያነበቡ መሐንዲሶች ሒሳቡን አልተቃወሙም። የጠየቁት እንዲህ ያለ ሲሊንደር ማን ያፈሳል ብለው ነበር።

የአውግስበርግ ሙከራዎች

የአውግስበርግ ማሽን ፋብሪካ ዳይሬክተር ሃይንሪኽ ፎን ቡትስ መጀመሪያ እንቢ አለ። ዲዝል ግፊቱን በእጅጉ ዝቅ አድርጎ ሒሳቡን ደግሞ ሲያቀርብ ተስማማ። የዛሬው ማን የተባለው የጭነት መኪናና የሞተር ድርጅት የዚህ ፋብሪካ ወራሽ ነው። በ1893 የኤሰኑ ብረትና መድፍ አምራች ክሩፕም ገባበት፤ ለዲዝልም በዓመት 30,000 ማርክ ይከፍለው ጀመር። ለአንድ ገና ያልታየ ማሽን ይህ ትልቅ እምነት ነበረ።

የመጀመሪያው ሞተር ውስጡ 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ የፒስተኑ ምት 400 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ሲሊንደር ነበረ። የተሠራው ከጊዛ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ሲሆን የውሃ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ነሐሴ 10 ቀን 1893 ተሞከረ። መጀመሪያ በውጭ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ሲያምቅ የተገኘው ግፊት ከታሰበው ግማሽ እንኳ የማይሞላ 18 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነበረ፤ የፒስተኑ ቀለበቶችና ቫልቮቹ አየሩን ያሾልኩት ነበር። ቤንዚን ሲገባበት ግን በእርግጥ ተቀጣጠለ። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወደ 80 አትሞስፌር ዘለለና በቴስታታው ላይ የተሰካው የግፊት መለኪያ ፈነዳ። የመስታወትና የናስ ስብርባሪ በሰዎቹ አጠገብ አልፎ በረረ። ዲዝልና ረዳቶቹ የተረፉት ለጥቂት ነው።

ይህ ቀን በየታሪኩ እንደ አደጋ ይተረካል፤ ለዲዝል ግን ማስረጃ ነበረ። በእመቃ ብቻ ነዳጅ መቀጣጠሉን አየ። ሲሊንደሩ እንዳልፈነዳም አየ። የከሸፈው የብረቱ ዋና አካል ሳይሆን ከላዩ ያሉት ነገሮች ነበሩ፤ ማለትም መታተሚያዎቹ፣ ቫልቮቹ፣ ነዳጁ የሚገባበት ቀዳዳ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት በአብዛኛው ያለፉት እነዚህን በማስተካከል ነው።

የካቲት 17 ቀን 1894 የተሻሻለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ዞረ፤ 88 ያህል ዙር ብቻ። ሸክም አልነበረበትም፤ ራሱን ብቻ አንቀሳቀሰ። ዲዝል ያለ ውሃ እሠራለሁ ያለውን ትቶ ቀጣዩን ሲሊንደር በውሃ ሸፈነው። ነዳጁንም በቀጥታ ለመርጨት አልቻለም፤ የዚያ ዘመን ፓምፕ በሴኮንድ ቅንጣት ውስጥ ጥቂት ጠብታዎችን ለክቶ በታመቀ አየር ላይ ሊረጭ የሚችል አልነበረም። ስለዚህ ከ60 አትሞስፌር በላይ የታመቀ ሌላ አየር ነዳጁን እየነፋ እንዲያስገባው አደረገ። ዘዴው ሠራ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ከባድ የአየር ማመቂያ መጨመር ግድ ሆነ። ይህ ውሳኔ በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

ሦስተኛው ሞተር በ1896 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ሲሊንደሩ 250 ሚሊሜትር፣ ምቱ 400 ሚሊሜትር፣ ኃይሉ ወደ 20 የፈረስ ጉልበት፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ አራት ቶን ተኩል ነበረ። የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር የካቲት 17 ቀን 1897 በይፋ ለካው። ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለውጧል። በዚያ ዘመን ከነበረ ከማናቸውም ሞተር የበለጠ ነበረ። የእመቃው ግፊት ግን በመጽሐፉ ላይ ከጻፈው 250 አትሞስፌር ሳይሆን 30 እና ከዚያ ትንሽ የበለጠ ነበረ። ሐሳቡን ወደዚህ ያወረደው ጊዛው ነው። ተቃዋሚዎቹም እስከ ሞቱ ድረስ የተሠራው ሞተር የፈጠራ መብት የተሰጠው ሞተር አይደለም እያሉ ሲከሱት የኖሩት በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ትችቱ በሕግ ቋንቋ ክብደት ነበረው። በፋብሪካ ወለል ላይ ግን ትርጉሙ ትንሽ ነው፤ ንድፉን ለብረቱ አቅም ዝቅ ማድረግ የማይችል ሰው ሞተር አይሠራም።

ዝናና ኪሳራ

ከ1897 በኋላ ሀብት ጎረፈ። የአሜሪካ ቢራ ጠማቂው አዶልፈስ ቡሽ የአሜሪካን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በሴንት ፒተርስበርግ የኖቤል ቤተሰብ የሩስያን መብት ወሰደ። በ1898 መብቶቹን ሁሉ የሚይዝ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ተቋቋመ። ገዢዎቹ ግን የገዙት ያለቀ ዕቃ መስሏቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሽያጭ ሞተሮች ተበላሹ፤ ቫልቭ ይቆሽሽ፣ ነዳጅ መርጫ ይዘጋ፣ የአየር ማመቂያ ይቆም ነበር። በራሱ ስም በአውግስበርግ የተከፈተው ፋብሪካ ከሰረ። ዲዝል በዚያው ዓመት በድካም ታሞ ማገገሚያ ቤት ገባ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ ጭንቀት ከዚያ በኋላ አልለቀቁትም።

በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ሞተሩ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በዚሁ ትርዒት ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታየ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ በቦታው የሚበቅል ነዳጅ ይፈልግ ስለነበር ነው። ዲዝልም ገበሬ የራሱን ነዳጅ የሚያመርትበት ቀን እንደሚመጣ ያምን ነበር። ሞተሩን ሲያስብ ከመጀመሪያውም ትልቅ የእንፋሎት ማሽን መግዛት የማይችለውን ትንሽ የእጅ ባለሙያ በልቡ ይዞ ነበር፤ የአባቱን ዓይነት ሰው። በ1903 ሠራተኞች በኅብረት የራሳቸው ድርጅት ባለቤት የሚሆኑበትን መንገድ የሚገልጽ ሶሊዳሪስሙስ የተባለ መጽሐፍ ጻፈ። ከታተመው 10,000 ቅጂ የተሸጠው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ልጁ ኦይገን በኋላ እንደተረከው፣ አባቱ ከሞተሩ ይልቅ ትልቁ ሥራዬ የሚለው ይህንን መጽሐፍ ነበር።

ገንዘቡን መያዝ አልቻለም። በሙኒክ እጅግ ውድ የሆነ ቪላ አሠራ፤ በመሬት ግዢና በነዳጅ ጉድጓድ ንግድ ብዙ ከሰረ፤ በፍርድ ቤት ክርክር ብዙ አወጣ። ከውጭ የሚያየው ሰው ሚሊየነር ነው ይለው ነበር። ውስጡ ዕዳ ነበረ።

የጭነት መኪናው ሕልም

ሞተሩ በመሬት ላይ ተተክሎ ፋብሪካ ለሚያንቀሳቅስበት ቦታ ተስማማ። ለመርከብም ተስማማ፤ በ1903 በሩስያ የነዳጅ ጫኝ በሆነችው ቫንዳል ላይ ገባ፣ በ1912 የዴንማርኳ ሴላንዲያ በዲዝል ውቅያኖስ ተሻገረች። መርከብ ክብደት አያስፈራውም። የጭነት መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። የ1897ቱ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት ከ200 ኪሎ በላይ ብረት ይሸከም ነበር። በዚያ መጠን የተሠራ የ40 ፈረስ ጉልበት መኪና ከጭነቱ በፊት የራሱን ሞተር ማንሳት ያቅተዋል።

የፈጠራ መብቱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ በ1908 ዲዝል ወደዚህ ጥያቄ ራሱ ተመለሰ። በዙሪክ ሳፊር ከተባለ ፋብሪካ ጋር ትንሽ የመኪና ሞተር ነድፎ በጭነት መኪና ላይ አስገጠመ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ለገበያ ግን አልበቃም። መሰናክሉ ያው የአየር ማመቂያው ነበር። ማመቂያው ክብደት ይጨምራል፣ ከሞተሩ ኃይል ይቀማል፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን በቀየረ ቁጥርም የሚነፋውን አየር ከነዳጁ ጋር ማመጣጠን አስቸጋሪ ይሆናል። በአንድ ፍጥነት ለሚዞር የፋብሪካ ሞተር ይህ ችግር አይደለም። ዳገት ሲወጣ ማርሽ ለሚቀይር፣ ቁልቁለት ሲወርድ ለሚይዝ መኪና ግን ዋናው ችግር ነው። በ1912 የተሞከረው የዲዝል ባቡርም አልዘለቀም።

ሞት

በ1913 የሞተሩን አፈጣጠር ታሪክ ጽፎ አሳተመ፤ ለተቃዋሚዎቹም መልስ ነበረ። መስከረም 29 ቀን 1913 ማታ ከቤልጂግ አንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሃሪች በምትሄደው ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። በኢፕስዊች ለሚሠራ አዲስ የዲዝል ፋብሪካ ሥነ ሥርዓት መገኘት ነበረበት። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ራት በልቶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማለዳ እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ነበር። በማግስቱ ክፍሉ ባዶ፣ አልጋውም ያልተተኛበት ሆኖ ተገኘ። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቧ የኋላ አጥር አጠገብ ነበሩ። ከአሥር ቀን ያህል በኋላ አንድ የሆላንድ ጀልባ አስከሬን ከባሕር አገኘች፤ መርከበኞቹ በኪሱ ያገኙትን ዕቃ ወስደው አስከሬኑን በዘመኑ ልማድ ለባሕር መለሱት። ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ልጁ ኦይገን አረጋገጠ።

ጋዜጦች ተገደለ የሚል ብዙ ወሬ ጻፉ፤ የነዳጅ ነጋዴዎች ወይም የጀርመን የስለላ ሰዎች እጅ አለበት የሚል። ለዚህ አንድም ማረጋገጫ አልቀረበም። ከመሄዱ በፊት ለሚስቱ ሰጥቶት የነበረው ቦርሳ ሲከፈት 20,000 ማርክና ሒሳቡ ባዶ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ተገኙበት፤ በማስታወሻ ደብተሩም በዚያ ቀን ላይ የመስቀል ምልክት ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ራሱን እንዳጠፋ ያምናሉ። በሞተበት ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር።

መልሱ ከቴስታታው መምጣቱ

የጭነት መኪናውን ጥያቄ የፈቱት ሌሎች ናቸው። ቤይሩት የተወለደው ጀርመናዊ ፕሮስፐር ሎራንዥ በማንሃይም በቤንዝ ፋብሪካ ሲሠራ በ1909 በቴስታታው ውስጥ ትንሽ ጓዳ አበጀ። ነዳጁ መጀመሪያ የሚረጨው እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው፤ በከፊል ሲቀጣጠል የሚፈጥረው ግፊት ቀሪውን ነዳጅ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ዋናው ሲሊንደር ይገፋዋል። በዚህ መንገድ የአየር ማመቂያው ሥራ ወደ ቴስታታው ቅርጽ ተዛወረ፤ ማመቂያው ራሱም አላስፈለገም። በ1923 ቤንዝ በዚህ ዘዴ የሚሠራ የጭነት መኪና አወጣ። ማን ደግሞ በ1924 ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ የጭነት መኪና አቀረበ። ሮበርት ቦሽ በ1927 በብዛት ማምረት የጀመረው የናፍጣ ፓምፕ ደግሞ ዲዝል በ1893 ያጣውን መሣሪያ ለሁሉም አደረሰ። ከዚህ በፊት በ1905 ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ በጭስ ኃይል ተሽከርክሮ አየርን ወደ ሲሊንደር የሚያስገድደውን ቱርቦ አስመዝግቦ ነበር፤ ወደ መኪና የገባው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ዲዝል የገጠመው ምርጫ ዛሬም ከባድ ሞተር ለሚያድስ ወይም ኃይሉን ለሚጨምር መካኒክ ሁሉ ይመጣል። በዘመናዊ የጭነት መኪና ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ግፊቱ ከ150 አትሞስፌር ያልፋል። ለዚህ ነው የናፍጣ መኪና ብሎክ በአብዛኛው አሁንም ከጊዛ የሚፈሰው፤ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ሙቀትም ያሳልፋል፣ ነገር ግን ለተመሳሳይ ግፊት ወፍራም መሆን አለበት፣ በሙቀትም ቶሎ ይጣመማል። የብሎኩ ሲሊንደር ተቀያሪ ቱቦ ያለው ከሆነ ሲያልቅ ቱቦው ብቻ ይለወጣል፤ ከብሎኩ ጋር አብሮ የተፈሰሰ ከሆነ ግን ማስፋትና ትልቅ ፒስተን መግጠም ይጠይቃል፣ ግድግዳውም በዚያው መጠን ይሳሳል። ሞተሩ ላይ ቱርቦ ለመጨመር ያሰበ ሰው ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለከተው የሲሊንደሩን ግድግዳ ውፍረት፣ የኮሎው መቀመጫዎች መስመር መጠበቁንና ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች ብዛትና ውፍረት ነው።

ቴስታታው ላይ ደግሞ ለሁሉም ሲሊንደር አንድ የሆነ አለ፣ ለየሲሊንደሩ የተለያየ አለ። የተለያየው ይከብዳል፤ አንዱ ቢሰነጠቅ ግን ያንን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ረጅሙ አንድ ቴስታታ ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ሲግል ይጣመማል፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ቫልቮች መካከል ባለው ቀጭን ቦታ ይሰነጠቃል። የተጣመመውን በመላጨት ማስተካከል የተለመደ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው የሚለየው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ የተላጨ ቴስታታ ወፍራም ጋስኬት ካላገኘ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል።

በኢትዮጵያና በወለጋ መንገድ

የናፍጣ ጭነት መኪና በኢትዮጵያ በብዛት የታየው በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1935 እስከ 1941 ባለው ዘመን ነው። በ1931 የወጣው ፊያት 634 ኤን ከመጀመሪያዎቹ የጣልያን ከባድ የናፍጣ መኪናዎች አንዱ ነበር፤ ሾፌሮች በቁጥሩ መጨረሻ ትሬንታ ኳትሮ አሉት። ከጦርነቱ በኋላ በ1952 የጀመረው የፊያት 682 ዝርያ ደግሞ ኤን ትሬ በሚለው ሞዴሉ ስም አተረፈ። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጊዛ የሚሉት የጋራዥ ቃላት የመጡት በዚሁ በር ነው። ኋላ በአዲስ አበባ አምቼ የኢቬኮ መኪናዎችን ገጣጠመ፤ የጃፓኑ አይሱዙም ከጭነት አልፎ ሰው መጫኛ አካል ተሠርቶለት ቅጥቅጥ ተባለ።

በምዕራብ ይህ ሞተር የሚፈተነው በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ ይወጣል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቢላ ይቀጥላል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተር በየምቱ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ይወርዳል፣ ናፍጣው ካልተቀነሰም ጭሱ ይጠቁራል። ቀለበቱ ያለቀ ሲሊንደር ደግሞ በብርድ ማለዳ አይነሳም፤ የዲዝል የመጀመሪያ ሲሊንደር በ1893 እንዳደረገው አየሩን ያሾልካልና ለመቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አይፈጠርም። ቡና የጫነ መኪና ከዴዴሳ ሲወጣ ቴስታታው የሚግለውም እዚሁ ነው፦ ፍጥነቱ ዝግ ያለ፣ ንፋሱ ትንሽ፣ ሸክሙ ሙሉ፣ አየሩም ሸለቆው ውስጥ ሞቃት ይሆናል።

ሞተሩ ከመኪናም ውጭ ወደ ገጠሩ ከተማ ገብቷል። መብራት ባልደረሰባቸው የወለጋ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ እህል የሚፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነበር፤ በብዙ ቀበሌዎችም አሁንም እንዲሁ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ከባድ መዘውር፣ አንድ ባለቤትና አንድ ሠራተኛ ያሉት ወፍጮ ቤት ዲዝል በ1890ዎቹ ለትንሽ የእጅ ባለሙያ ከተመኘው ሞተር ጋር በጣም ይቀራረባል።

የ1897ቱ ሞተር ዛሬ በሙኒክ በዶይቸስ ሙዚየም ይገኛል።